ውኃ የማይቆርጠው ጥም

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ጥላ ባለበት ሁሉ ዚር አይጠፋም። ዚር ሱዳኖች የመጠጥ ውኃ የሚያቀዘቅዙበት የሸክላ ጋን ነው። ገላው ዘወትር ያልበዋል፤ ውስጡ ያለውን ውኃ የሚያቀዘቅዘውም ያ ላብ ነው። የሞላው ሰው ስሙን አይጽፍበትም፤ የሚጠጣውም ማን ሞላው ብሎ አይጠይቅም። መንገደኛ ይጠጣ ተብሎ ለነፍስ የተቀመጠ ነው።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ በዚህ ቆላ ከደጋ የወረደ ሳሉግ፣ የወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ይበዛል። ከሳሉጎቹ አንዱን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነውን ወጣት፣ በዓይነ ኅሊናችን እንከተለው። ጓደኞቹ ከዚሩ አንድ ጣሳ ጠጥተው ሲያልፉ እሱ ሦስት ይጠጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሄድም ሌላ ዚር ይፈልጋል። ሌሊት ለሽንት አራት አምስቴ ይነሣል። እንደ ልቡ እየበላ ይከሳል፤ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸግሮታል። ቆላው አልተስማማውም ይላሉ ጓደኞቹ። ወባ ነው የሚል አለ፣ ካላዛር ነው የሚልም አለ፤ ሁለቱም በዚህ አገር በርግጥ ያሉ በሽታዎች ናቸውና ግምቱ አያስነቅፍም። ግን ትኩሳት የለውም። ጥም ብቻ ነው ያለው፣ ውኃ የማይቆርጠው ጥም።

ይህን ወጣት በስም አላውቀውም። ከድንበሩ ማዶ፣ በጎንደር ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ደጋግሞ ከሚመጣ መልክ የሠራሁት ነው፤ ወጣት፣ ድኻ፣ ከሲታ፣ ብዙ ጊዜም ወንድ፣ ከገጠር የመጣ፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖር። ሐኪሞቹ ስለ እሱ አንድ ጥያቄ ለዓመታት ሲያነሡና ሲጥሉ ኖረዋል። ይህን ሰው ያሳመመው ራብ ነው ወይስ የገዛ አካሉ?

የእርኮት አፍ

መንገዱ በከሰላ ግዛት ወደምትገኘው ኸሽም ኤል ቂርባ ያደርሳል። ኸሽም በሱዳን አረብኛ አፍ ማለት ነው፤ ቂርባ ደግሞ እርኮት፣ የቆዳው የውኃ መያዣ። የእርኮት አፍ! የተጠማ ሰው ከዚህ የተሻለ የአገር ስም አያወጣም።

እርኮቱን የሚሞሉት የደጋ ወንዞች ናቸው። ከጣና በስተ ሰሜን፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ የሚነሣው ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል። አንገረብ ይገባበታል። ከላስታ ተነሥቶ ሰሜን ተራሮችን የሚዞረው ተከዜም ሰቲት ተብሎ ከኸሽም ኤል ቂርባ በላይ ይቀላቀለዋል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ የሚያጠጣው መሬት የተሰጠው፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከወዲ ሐልፋ ላፈናቀላቸው 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን ነበር። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ የነበረው ሐይቅ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ያህል ቦታውን ለደለል አስረክቧል። ደለሉ የደጋው አፈር ነው፤ የጎንደርና የሰሜን ገበሬ ማሳ በየክረምቱ እዚህ ይተኛል።

በዚህ ተፋሰስ የሚወርደው ውኃና አፈር ብቻ አይደለም። ሰውም ይወርዳል፣ በሰላም ቀን ለአጨዳ፣ በክፉ ቀን ለነፍሱ። በደሙ ይዞት የሚወርደውን ግን ከምንጩ ወጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ጎንደር።

መዝገቡን የጀመሩት

ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ያ ተቋም አድጎ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዶክተር ሽታዬ አለሙ ባልቻ በዚሁ ቤት የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆነው የስኳር ሕሙማንን ሲያክሙና ሲያጠኑ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሠርተዋል። በጥናት ጽሑፎቻቸው ቅደም ተከተል ውስጥ የአንዲት ተመራማሪ ጉዞ ይነበባል፤ ጉዞው ከቤተ ሙከራ አልተጀመረም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከእንግሊዛዊው የስኳር ሐኪም ፒተር ዋትኪንስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ስለ ሴልም ስለ ዘረ መልም አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የስኳር ሕመምተኛ ሕክምና ማግኘት ይችላል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ግን መድኃኒቱን ለጥቂት ቀናት ካጣ ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ትቶ ስቡን ያነዳል፤ ደሙ ይኮመጥጣል፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ ራሱን ይስታል፣ ይሞታል። እንዲህ ላለ ሰው በእግር የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የሚገኝ ሆስፒታል እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተሠራው ሕክምናውን ወደ ገጠር የማውረድ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማሩት፣ በኋላም የሐሩር አካባቢ አገሮችን የጤና ሥልጠና የሚያግዝ ድርጅት በብሪታንያ የመሠረቱት ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በዚህ አብረው ቆሙ። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችና የጤና መኮንኖች ስኳርን፣ የሚጥል በሽታንና ሌሎች ዘላቂ ሕመሞችን ራሳቸው እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። ሕመምተኛው በየወሩ ይመጣል፤ ይመዘናል፣ ይለካል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል።

እነዚያ መስመሮች ሲደራረቡ ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው የስኳር ዓይነት የሕፃናትና የታዳጊዎች በሽታ ነው፤ ወንድና ሴትም ብዙ አይለይም። በጎንደር ገጠር ግን የመጡት በብዛት ጎልማሳነት የጀመራቸው ወጣቶች ነበሩ፤ ወንዶቹ ይበዛሉ፣ አብዛኞቹ ከድኻ ቤት ናቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ ገላቸው ከሲታ ነው። መጽሐፉና መዝገቡ አልተስማሙም።

ዘበኛው ቤቱን ሲያፈርስ

መጽሐፉ የሚለውን እንይ። ከጨጓራ ጀርባ በተጋደመው ቆሽት ውስጥ፣ እንደ ደሴት ተበታትነው የተቀመጡ ጥቃቅን የሴል ስብስቦች አሉ። በእነሱ ውስጥ ያሉት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊን ይሠራሉ። ኢንሱሊን የሴልን በር ለስኳር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ሊያጣራው ሲሞክር ውኃውን ጠርጎ በሽንት ያወጣዋል። ያ ሳሉግ ከዚር ወደ ዚር የሚሄደው ለዚህ ነው። የጠጣው ውኃ ከስኳሩ ጋር ተያይዞ ይወጣል። በስኳር ተከብቦ ሴሉ ግን ይራባል።

ቤታ ሴሎቹን ማን ገደላቸው? እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ ጥርት ያለ መልስ አልነበረም። በ1974 በለንደን ጃን ፍራንኮ ቦታዞና ባልደረቦቹ ከሕሙማን ደም ውስጥ እነዚያኑ የቆሽት ደሴቶች የሚያጠቁሙ አንቲቦዲዎች አገኙ። አንቲቦዲ ሰውነት በተሕዋስያን ላይ የሚያሰማራው ጠቋሚ ነው፤ በጠላት ላይ ይለጠፋል እንጂ በቤተሰብ ላይ አይለጠፍም። እዚህ ግን በቤተሰቡ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ዘበኛው፣ ማለትም የሰውነት መከላከያው፣ ሌባ መስሎት የጌታውን ጎተራ እያፈረሰ ነበር። በ1990 ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ ዒላማዎች አንዱ በቤታ ሴል ውስጥ የሚገኝ ጋድ የተባለ ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ጥርጣሬውን የሚፈትንበት መንገድ አገኘ። ደም ይቀዳል፤ የጋድና የሌሎቹ አንቲቦዲዎች ይፈለጋሉ። ከተገኙ በሽታው ዓይነት አንድ፣ ማለትም አካል ራሱን የሚያጠቃበት ስኳር ነው። ካልተገኙ ሌላ ተጠያቂ ይፈለጋል።

ራብ ሲከሰስ

ሌላው ተጠርጣሪ ቀድሞም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ፊሊፕ ሂዩ ጆንስ የተባለ ሐኪም በጃማይካ ከሁለቱ የታወቁ ዓይነቶች ጋር የማይገጥም፣ በከሱ ወጣቶች ላይ የሚታይ ስኳር እንዳየ ጻፈ። ከእስያና ከአፍሪካም ተመሳሳይ ወሬ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ በዝርዝሩ አስገባው፤ በ1999 ማስረጃው አልበቃም ብሎ አወጣው። ክሱ ተዘጋ፤ ሕመምተኛው ግን መምጣቱን አልተወም።

በ2009 ዶክተር ሽታዬና ባልደረቦቻቸው ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሙያ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ የምግብ እጦት ስኳርን ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ? ማስረጃቸው የጎንደርና የጅማ መዝገቦች ናቸው። በተከታዩ ዓመት የወጣው ሌላው ጥናት ሕሙማኑን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ ከድህነትና ከልጅነት የምግብ እጦት ጋር የሚዛመድ ምልክት አገኘ። አካላቸው የልጅነት ራብን ታሪክ ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ሰነፍ ተመራማሪ ይቆም ነበር። ታሪኩ ያምራል፤ ድኻ አገር፣ የራብ ዘመን፣ ራብ የወለደው በሽታ። የሚያዝን አንባቢም፣ የሚረዳ ድርጅትም ያገኛል። ነገር ግን አንድ ገጠር ውስጥ ድህነትና በሽታ አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን ወለደው አያሰኝም፤ ድኻ ባልሆነ ሰው መካከል ድኻን መፈለግና ሁሉም ድኻ በሆነበት አገር መፈለግ የተለያየ ነው። ምስክሩ ደሙ ነው፤ ደሙ ደግሞ ገና አልተጠየቀም።

ደሙ ሲጠየቅ

ተጠየቀ። ቡድኑ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በቅርቡ በሽታው የታወቀባቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ35 ያልበለጠ 236 ኢንሱሊን ወሳጅ የአማራ ተወላጆች ሳይመርጥ በመጡበት ተራ መዘገበ። 200 ጤነኞችን ለማነጻጸሪያ ወሰደ። ከዶክተር ሽታዬና ከጎንደሩ አባይነህ ደምሴ ጋር የቤልፋስቷ ኤሊዛቤት ትሪምብል፣ የሳውዝሃምፕተኑ ዴቪድ ፊሊፕስ፣ የለንደኑ ዴቪድ ሌስሊና የፊላደልፊያው የዘረ መል ተመራማሪ ስትሩአን ግራንት ተባበሩ። ውጤቱ በ2020 በዚያው ዲያቤቶሎጂያ ታተመ።

መልኩ የተለመደው ነበር፤ ያልፋፉ፣ ከሲታ ወጣቶች። እስከ 15 ዓመታቸው የታመሙት 15.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የደሙ ቃል ግን ከመልኩ ተለየ። እስከ 15 ዓመታቸው ከታመሙት 86.1 በመቶው፣ ከ16 እስከ 25 ከታመሙት 59.7 በመቶው፣ ከ26 እስከ 35 ከታመሙት ደግሞ 50 በመቶው ቢያንስ አንዱ አንቲቦዲ ተገኘባቸው። አብዛኛውን ጊዜ የተገኘውም ብቻውን የቆመ የጋድ አንቲቦዲ ነው። ራብ በተከሰሰበት ችሎት ዘበኛው እጁ ላይ የቤታ ሴል ደም ይዞ ቀረበ።

ዘረ መሉም መሰከረ። በሴሎቻችን ገጽ ላይ ኤች ኤል ኤ የተባሉ፣ ለዘበኛው ይህ የኛ ነው፣ ያ የባዕድ ነው እያሉ የሚያሳዩ ሞለኪሎች አሉ። በአውሮፓ ለዓይነት አንድ ስኳር የሚያጋልጡት ዲ አር 3 እና ዲ አር 4 የተባሉት መልኮች በጎንደር ገጠርም የሚያጋልጡ ሆነው ተገኙ፤ ዲ አር 15 በአውሮፓ እንደሚከላከል ሁሉ እዚህም ተከላከለ። ይህ የሚገርመው አማራው በዘረ መሉ ከአውሮፓውያንም ከሌሎቹ አፍሪካውያንም ተለይቶ መታየቱን ያው ጥናት ስላረጋገጠ ነው። ሕዝቡ ሌላ ነው፤ የተሳሳተው ዘበኛ ግን ያው ነው።

ድምዳሜው ልከኛ ነው። አብዛኞቹ አካል ራሱን የሚያጠቃበት ስኳር ያለባቸው ናቸው፤ ለምን ዘግይቶ እንደሚጀምርና ለምን ይህን መልክ እንደያዘ ግን አልተፈታም አለ። ሕፃናቱ ሳይታወቅባቸው ሞተው ይሆን? ጤና ጣቢያ ያልደረሰ ሕፃን በመዝገብ አይገኝም፤ ይህ ከመላ ምቶቹ አንዱ ነው። በ2009 ጉዳዩ ይከፈት ያሉት ሰዎች እራሳቸው በ2020 የራሳቸውን ጥርጣሬ ጠበብ ያደረገ ማስረጃ አቀረቡ። በሳይንስ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋነት አላውቅም።

በኡም ራኩባ ያለፉት

ወደ ቆላው እንመለስ፤ ይህ ድንበር ሳያስበው የራሱን ሙከራ ሠርቷልና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከሰሜን የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ ወረዱ። ኡም ራኩባን በመሰሉ ካምፖች ሰፈሩ። በመንገድና በካምፕ 4 ሺህ ያህል ሰው አልቋል ተብሎ ይገመታል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህሉ በአየር ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

የዘረ መል ቅርስ በአንድ ትውልድ አይቀየርም። የሚበሉት፣ የሚሠሩት፣ የሚያሳምማቸው ተሕዋስ ግን በአንድ ሌሊት በረራ ተቀየረ። በ1988 ዳያቢቲስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የወጣ ጥናት ገና በወጣትነታቸው ከፍተኛ የስኳር ሥርጭት እንደታየባቸው ዘገበ። በ2004 ደግሞ አምኖን ዙንግና ባልደረቦቹ በእስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያለውን ዓይነት አንድ ስኳር ከኤች ኤል ኤ ጋር አገናኝተው ሲያጠኑ አዲሱ አካባቢ ድርሻ እንዳለው ጻፉ። ዘረ መሉ ከጎንደር የመጣ ባሩድ ነው፤ ክብሪቱ የሚጫረው በሚኖሩበት አገር ነው። ከጎንደር ሳይወጣ የታመመውም፣ በኡም ራኩባ አልፎ ባሕር ተሻግሮ የታመመውም የአንድ ጥያቄ ሁለት ግማሾች ናቸው።

አምስተኛው ዓይነት

ክርክሩ አልተዘጋም፤ እንዲያውም በ2025 ሞቀ። በሚያዝያ ወር ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በባንኮክ ጉባኤው ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓይነት አምስት ብሎ እውቅና ሰጠው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከዝርዝሩ ያስወጣው ስም በሌላ በር ተመለሰ። በዚያው ዓመት በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው ዓይነት አንድ አለባችሁ የተባሉ 894 ሰዎችን የመረመረ ጥናት 65 በመቶ ያህሉ አንቲቦዲ እንደሌለባቸው አሳየ። በእነሱ ዘንድ ዘበኛው በብዛት ንጹሕ ነው።

እንግዲህ አፍሪካ አንድ መልስ የላትም። የጎንደሩ ወጣትና የካምፓላው ወጣት እኩል ከስተው፣ እኩል ተጠምተው፣ አንድ ዓይነት መርፌ እየተወጉ የተለያየ በሽታ ይዘው ይሆናል። በጎንደር ራሱ አንቲቦዲ ያልተገኘበት ወገን ትንሽ አይደለም፤ ከ25 ዓመት በላይ ከታመሙት ግማሹ ነው። የእሱን ደም የሚተረጉም ሰው ገና ይጠበቃል። ልዩነቱም የምሁራን ጨዋታ አይደለም፤ ኢንሱሊን በፍጹም ሊያጣ የማይገባውንና በሌላ መድኃኒት ሊረዳ የሚችለውን የሚለየው ይኸው ነው።

ዚሩ

በ2023 ከውኃው በተቃራኒ የተጓዘ ሕዝብ ታየ። በሚያዝያ በኻርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወጡ፤ ኩመርና አውላላ ላይ ካምፕ ተተከለላቸው። ከአርባ ዓመት በፊት የወረዱበትን መንገድ ሌሎቹ ወጡበት። ገዳሪፍና ከሰላ ደግሞ ከመሐል አገር በተፈናቀለ ሰው ሞሉ። በነሐሴ በአማራ ክልልም ተኩስ ተከፈተ። በየአቅጣጫው ከሚጓዙት መካከል ኢንሱሊን ወሳጅ ነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ለመሞት ጥይት አያስፈልገውም፤ የተዘጋ መንገድ ይበቃዋል።

መድኃኒቱም የራሱ ጠባይ አለው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ ይላል ወረቀቱ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ገዳሪፍ 40 ዲግሪን ታልፋለች፤ ፍሪጅ የሌለው ቤት ይበዛል፣ ፍሪጅ ካለም መብራቱ ይጠፋል። በ2021 ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት ጥናት ግን ለብዙ ሕሙማን እፎይታ ሆነ። በኬንያ ዳዳብ ካምፕ የተመዘገበውን ከ25 እስከ 37 የሚዋዥቅ ሙቀት አስመስለው ቢፈትኑት፣ ኢንሱሊኑ ለአራት ሳምንታት ኃይሉን አላጣም። ሙቀቱን ከዚያ በታች ማውረድ የሚችል ዕቃ ከተገኘ፣ ሕመምተኛው በየቀኑ ጤና ጣቢያ መመላለስ አይኖርበትም።

ዕቃው በመንገዱ ዳር ቆሟል። ያልበዋል፤ ስለሚያልበው ይቀዘቅዛል። ያ ሳሉግ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ደርሶ ደሙ ከተለካ፣ ስሙ በካርድ ላይ ከሰፈረና ሁለት ብልቃጥ ተሰጥቶት ከወጣ፣ ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ የሚያገኘው ያንኑ ጋን ነው። ጥሙን ሊቆርጥለት ያልቻለው ዚር፣ ጥሙን የሚቆርጠውን መድኃኒት ያቀዘቅዝለታል።

አብዛኞቹ ሕሙማን የታመሙበትን ምክንያት ከደማቸው ለማንበብ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ 2020 ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። የተነበበውም በሕይወት ስለቆዩ ነው። የመጀመሪያው ጥናት ስለ መንገድ መሆኑ፣ ደሙ የተቀዳው ደግሞ መንገዱ ከተሠራ በኋላ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። የሞተ ሰው ደም አይመሰክርም።